ገና ያልተካሄደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ሰው ቅር እንዲሰኝብኝ የማልወድ ልጅ ነበርኩ። መምህር ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን ደብተሬ ላይ የምጽፍ፣ ጎረቤት ሲልከኝ ሮጬ የምሄድ፣ "ጨዋ ልጅ" ከተባልኩ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ የምውል ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ስገባም ይኸው ጠባዬ አብሮኝ ገባ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ራሴን ለማመስገን አይደለም። ያን ቅዳሜ የደረሰው ሁሉ የደረሰው በዚሁ ጠባዬ ስለሆነ ነው።

እናቴ እታፈራሁ ፒያሳ ውስጥ ያለ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር አባል ናት። ማኅበሩ ተራ ልብስ አይሰፋም። የካህናት ካባ፣ የቤተ ክርስቲያን ጥላና መጋረጃ፣ ለሠርግና ለምርቃት የሚለበስ ካባ ነው ሥራው። የእናቴ ድርሻ የወርቅ ክር ጥልፍ ነው። አባላቱ ሠላሳ አንድ ናቸው። አንዳንዶቹ አባቶቻቸውም እዚያው ቤት ሲሰፉ የኖሩ የአራዳ ተወላጆች ናቸው፤ ሌሎቹ እንደ እናቴ በልጅነታቸው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት አንድ መምህራችን ስለ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዓይነትና ስለ ባለቤቶቻቸው ጽሑፍ እንድናዘጋጅ አዘዙን። እኔም በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠራሁ። የሸማቾች ማኅበር ባለቤቶች ከእሱ የሚገዙት ሰዎች ናቸው። የቁጠባና ብድር ማኅበር ባለቤቶች ቆጣቢዎቹ ናቸው። የቤት ሠሪዎች ማኅበር ባለቤቶች ቤት የሚሠራላቸው ሰዎች ናቸው። እንደ እናቴ ያለው የአምራቾች ማኅበር ባለቤቶች ደግሞ እዚያው ቁጭ ብለው የሚሠሩት ናቸው። በሁሉም ዘንድ አንድ ሰው አንድ ድምፅ አለው። ብዙ ያዋጣም ጥቂት ያዋጣም እኩል እጁን ያወጣል። አክሲዮን ማኅበር ላይ ግን ድምፁ የሚለካው በድርሻው ብዛት ነው።

ሠንጠረዡ ያምር ነበር። እኛ ቤት ግን ዘይት የምንገዛበትን የሸማቾች ሱቅ "የቀበሌ ሱቅ" ነው የምንለው። እናቴ የአባልነት ደብተሯን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ "ዛሬ ዘይት ይሰጣሉ ወይ?" ብላ ጎረቤት ትጠይቃለች። የራሷን ሱቅ፣ የራሷን ዘይት ማለት ነው። ይህን ልብ ያልኩት ግን በኋላ ነው። ያኔ ሠንጠረዤን አስውቤ የሰፊዎቹን ማኅበር ሊቀ መንበር ጋሽ ተካልኝን ላነጋግር ሄድኩ።

ጋሽ ተካልኝ ቀዳጅ ናቸው። የካባው ጨርቅ የሚቀደደው በሳቸው እጅ ነው። እየተደጋገሙ በመመረጣቸው ከሳቸው በፊት ሊቀ መንበር የነበረውን ሰው የሚያስታውሱት ሽማግሌዎቹ ብቻ ናቸው። ጥያቄዎቼን በትዕግሥት መለሱልኝና ማስታወሻዬን ተመለከቱ።

"ጽሕፈትሽ የታተመ ይመስላል" አሉኝ። "ቅዳሜ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ጸሐፊያችን ታሞ ተኝቷል። አንቺ ቃለ ጉባኤውን ብትይዥልን ምን ይመስልሻል?"

ምን ይመስለኛል? ኮራሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት እሷም ኮራች፤ በነጋታው ለሠራተኛው ሁሉ አወራች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ደረስኩ። ጋሽ ተካልኝ መስመር ያለው ወረቀት ሰጥተውኝ የአባላቱን ስም በተራ ቁጥር ጻፍኩ፤ ከጎኑ ለፊርማ ቦታ ተውኩ። ራስጌው ላይ ግን የሚጻፈውን አልነገሩኝም።

"ርእሱን ምን ልበለው ጋሼ?"

"ተዪው፣ እኔ በኋላ እሞላዋለሁ። አሁን ዞረሽ አስፈርሚያቸው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲጣደፍ አይያዝም። ለምሳውም ስንት ሰው እንደሆንን ይታወቅ።"

ይህ የማኅበሩ የቆየ ልማድ ነው። ስብሰባ ባለ ቀን ወረቀቱ ጠዋት በየመኪናው ይዞራል፤ ሰው ስፌቱን ሳያቆም በአንድ እጁ ይፈርማል። ማንም ነውር ነው ብሎ አያውቅም፤ እኔም አላልኩም።

የመጀመሪያው ፈራሚ አባባ ልሳኑ ነበሩ። ከአባላቱ ሁሉ ትልቁ ናቸው፤ ጥላ ይሠራሉ። የተረፈ ክር መቁረጫ ትንሽ መቀስ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚውሉት።

"የኔ የት ጋ ነው?"

"ይቺ ጋ አባባ።"

"ለምንድን ነው?"

"ለስብሰባው ነው። ለምሳም።"

"ምሳው የጾም ነው የፍስክ?"

"የጾም ነው አባባ፣ ሁዳዴ አይደል?"

"እንግዲያው አንዴ ይበቃል። ፍስክ ቢሆን ሁለት ቦታ እፈርምልሽ ነበር።"

ሁሉም ሳቁ። እናቴም ተራዋ ሲደርስ መርፌውን በከንፈሯ ይዛ ሳታየው ፈረመች። ጸሐፊውና አንድ ሌላ ሰው አልነበሩም። ሃያ ዘጠኝ ፊርማ ይዤ ለጋሽ ተካልኝ ሳሳያቸው ራሴን ዳበሱኝ።

"አሁን በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ እልክልሻለሁ። በሦስት ኮፒ አሳትሚና ይህን የፊርማ ወረቀት ከኋላው አያይዘሽ አምጪልኝ።"

ፒያሳ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ወደማውቀው ወደ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። እዚያ ሳሚ የሚባል የኮፒ ቤት ባለቤት አለ፤ ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ተማሪ ላይ ሳይቀልድ አንድ ገጽ የማያትም ሰው። ጽሑፉን ከፍቶ ዳር ዳሩን እያስተካከለ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

"'ዛሬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በተካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ...' አሁን ስንት ሰዓት ነው?"

"አምስት ሰዓት ተኩል።"

"ስብሰባው ተካሂዷል ይላል እኮ። አንቺ እህት፣ ከነገ ነው እንዴ የመጣሽው?"

ለጨዋነት ፈገግ አልኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አነበብኩ። አባላቱ በሰፊው ከተወያዩ በኋላ፣ ይላል፣ ማኅበሩ እንዲፈርስ፣ ስሙ፣ የስፌት መኪኖቹና ደንበኞቹ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ ለሚቋቋመው አዲስ ድርጅት እንዲተላለፉ በሙሉ ድምፅ ወስነዋል። የአዲሱ ድርጅት ባለ ድርሻዎች ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ የቤተ ክርስቲያን አልባሳት የሚሸጥ ባለ ሱቅ ነው፤ ሁለተኛው ጋሽ ተካልኝ፣ ሦስተኛው የጋሽ ተካልኝ ወንድም። "የቀሩት አባላት እንደ አስፈላጊነቱ በተቀጣሪነት ይቀጥላሉ።" መጨረሻው ላይ፦ "በውሳኔው መስማማታችንን ከዚህ ጋር በተያያዘው ገጽ ላይ በፊርማችን አረጋግጠናል።"

ከዚህ ጋር የሚያያዘው ገጽ በእጄ ነበር። ጽሕፈቱም የኔ ነው።

ሳሚ አትሞ ሲጨርስ ስቴፕለሩን አነሣ። "ልምታው?"

"ቆይ።"

"ምን ሆንሽ?"

"ሰዎቹ የፈረሙት ለዚህ አይደለም። ለምሳ ነው።"

ሳሚ ወረቀቱንና እኔን እያፈራረቀ አየ። መቀለዱን ተወ። "ቃለ ጉባኤ ቀድሞ ማጻፍ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ያጽፋል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ በዓል ዝግጅት ምናምን ነው።" ስቴፕለሩን መልሶ አስቀምጦ፣ "በይ፣ ሳይመታ ውሰጂው" አለኝ።

ውጭ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እማዬ፣ ጠዋት የፈረምሽው ምን ላይ ነው?"

"ምን ማለትሽ ነው? ወረቀቱ ላይ ነዋ።"

"ምን የሚል ወረቀት ላይ?"

"እኔ ምን አውቄ። አንቺ ያመጣሽው ወረቀት ላይ ነዋ ቤዚ።"

ስልኩን ዘጋሁና የኮፒ ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። እነዚያ ሰዎች እኮ ሞኞች አይደሉም። የሐር ጨርቅ በጣት ነክተው እውነተኛ ይሁን አይሁን የሚለዩ ሰዎች ናቸው። ሌላ ሰው አምጥቶት ቢሆን ምናልባት "ይህ ምንድን ነው?" ይሉ ነበር። ያላሉት የእታፈራሁ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ፣ ጨዋዋ ስላመጣችው ነው። ጋሽ ተካልኝ የፈለጉት ጽሕፈቴን አልነበረም።

ታክሲ አልያዝኩም። በአፍንጮ በር አድርጌ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በእግሬ ወረድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በመንገዴ ሁሉ የማስበው ጀግና ስለመሆን አልነበረም። እንዳላነበብኩ ሆኜ ባቀብላቸውስ? የፊርማውን ወረቀት ጠፋብኝ ብልስ? ጠፋብኝ ብል ማንም አይቆጣኝም፤ ሌላ ቀን ሌላ ሰው ያስፈርማል፣ እኔም ከደሙ ንጹሕ እሆናለሁ። ድልድዩ ላይ ነጋዴው፣ ወያላው፣ መንገደኛው እየገፋኝ ቆሜ ይህን አወጣሁ አወረድኩ። ከዚያ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ዳገቱን ወጣሁ።

ጋሽ ተካልኝ ግቢው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

"ዘገየሽ ልጄ። አምጪው።"

"አንብቤዋለሁ ጋሼ።"

ፊታቸው አልተለወጠም። እንደውም ድካም ነው ያየሁባቸው። በሩን ገፋ አድርገው ወደ ዳር ወሰዱኝ።

"ስሚኝ። ከዚህ ቤት ልቀቁ ተብለናል። ይህን ሁሉም ያውቃል። መግቢያ የለንም። ባለ ሱቁ ሰፊ ቦታ አለው፣ ግን ከሠላሳ አንድ ሰው ጋር አልነጋገርም ብሏል። እውነቱን ነው። ሁሉም ባለቤት ነው ማለት ማንም ባለቤት አይደለም ማለት ነው። መብራት ሲበላሽ የሚጠራው ማን ነው? እኔ። ደንበኛ ሲጣላ የሚያስታርቀው? እኔ። አባባ ልሳኑ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ እናትሽ ወገቧን ታማለች። ለእነሱ የማስበው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቋቸውም?"

"ቢጠየቁ እምቢ ይላሉ።"

ይህን ሲሉ አልዋሹም፣ አላፈሩምም።

"እምቢ እንደሚሉ ካወቁማ ጋሼ፣ ድምፃቸውን ሰምተዋል ማለት ነው።"

"አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ" አሉና እጃቸውን ዘረጉ። "ወረቀቱን ስጪኝ።"

በሕይወቴ ሙሉ ደስ ሲያሰኘኝ የኖረው ቃል ያን ቀን አስጠላኝ። "አልሰጥም" አልኳቸው። "ወረቀቱ የፈረሙት ሰዎች ነው። ለእነሱ ነው የምሰጠው።"

ስምንት ሰዓት ላይ ሰዉ ምሳውን በልቶ በስፌት መኪኖቹ መካከል ተቀመጠ። እኔም ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ ከእናቴ ጎን ቆምኩ። ጋሽ ተካልኝ ተነሡና የመጀመሪያውን ቃል ስለኔ አደረጉት።

"ይህች ልጅ አባል አይደለችም። በደንባችን አባል ያልሆነ ሰው ጉባኤ ላይ አይናገርም። አመስግነን እናሰናብታት።"

ልክ ናቸው። ደንቡን ለጽሑፌ ስል አንብቤዋለሁ፤ እንደዚያ ይላል። ያኔ እናቴ ተነሣች። እናቴ በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም፤ ይህን የማውቀው እሷው ራሷ "እኔ መስማት ነው የሚቀለኝ" ስትል ስለሰማሁ ነው።

"ጠዋት ስታስፈርመን አባል ነበረች ወይ?" አለች።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው "ተይዘዋል ጋሽ ተካልኝ" አለ። ጋሽ ተካልኝ "ሥርዓት፣ ሥርዓት" እያሉ ጠረጴዛውን መቱ። አባባ ልሳኑ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ "ደንቡ የማነው?" ብለው ጠየቁ። "የኛ ከሆነ እጅ እናውጣ። ልጅቷ ትናገር የምትሉ።"

እጆች ወጡ። አብዛኞቹ ጣቶች ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ። አባባ ልሳኑ ዓይናቸውን አጥብበው መቁጠር ሲያቅታቸው "በቃ ብዙ ነው" አሉ።

ያኔ ነው ያነበብኩት። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። "በሙሉ ድምፅ" የሚለው ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። አንብቤ ስጨርስ የፊርማውን ወረቀት ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

"ርእስ የሌለው ወረቀት ያስፈረምኳችሁ እኔ ነኝ" አልኩ። "መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ጋሽ ተካልኝን ደስ ለማሰኘት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ። ወረቀቱ ይኸው።"

አንዱ "ቅደጂው" አለ። ሌላው "አቃጥሉት" አለ። እኔ ግን መቅደድ አልፈለግኩም፤ የሁሉንም ስም አንድ ሰው ብቻውን እንዳሻው ሊያደርገው ይችላል ማለት እሱው ራሱ አይደል ያጣላን? ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት አባባ ልሳኑ ቀደሙኝ።

"የኔን አሳዪኝ።"

ጠዋት ያሳየኋቸውን መስመር እንደገና በጣቴ አሳየኋቸው። አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለውን መቀስ አነሡና ስማቸውንና ፊርማቸውን የያዘችውን ቀጭን መስመር እንደ ጥለት ጫፍ አስተካክለው ቆረጧት። አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቷት። "ምሳውንስ በልቻለሁ" አሉ፤ "ሌላውን አልፈረምኩም።"

ወረቀቱ ዞረ። በዚያ ቤት መቀስ የሌለው ሰው የለም። እያንዳንዱ የራሱን መስመር ፈልጎ ይቆርጣል፤ የጎረቤቱን ስም እንዳይነካ ተጠንቅቆ። ቤቱን የመቀስ ድምፅ ሞላው። እናቴም የሷን ቆረጠች።

ሁሉም ግን አልቆረጡም። አንዲት ጠላፊ፣ እናቴ አጠገብ የሚቀመጡ፣ ወረቀቱ ሲደርሳቸው ለቀጣዩ ሰው አሳለፉት። "እኔ ደክሞኛል" አሉ። "ተቀጥሬ፣ ደሞዜን ይዤ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው። ስሜን ተዉልኝ።" ማንም አልተቆጣቸውም። እሳቸው ቢያንስ ምን ላይ እንደፈረሙ አሁን ያውቃሉ። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ሰባት ፊርማዎች ቀሩ፤ መካከሉ ብል እንደበላው ጨርቅ ክፍት ክፍት ሆኖ። ከሰባቱ አንዱ የጋሽ ተካልኝ ነው። ወረቀቱን ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩትና "መግቢያ ቦታውንስ?" ብለው ጠየቁ።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አማረ ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ይላችሁ ይሆናል። አላማረም። ባለ ሱቁ ለማኅበሩ ያዝዝ የነበረውን ሥራ ለሌሎች ሰፊዎች ሰጠ። አራት አባላት ተከትለውት ሄዱ፤ እኚያ ጠላፊም ከእነሱ ጋር ናቸው። የቀሩት የድሮውን ቤት ለቀው ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንድ ጠባብ ክፍል ገቡ። ክፍሉ መኪኖቹን ሁሉ አንድ ላይ ስለማይዝ በፈረቃ ነው የሚሰፉት። ጋሽ ተካልኝ ከሊቀ መንበርነት ወረዱ፤ ግን አልሄዱም፤ ዛሬም ቀዳጅ ናቸው። እኔን ሰላም አይሉኝም። ሳያቸው ይከፋኛል፤ ሰው ሲቀየመኝ መክፋቱን ገና አልተውኩም።

አንዳንድ ሰዎች "አንዲት ፍሬሽ ተማሪ ሠላሳ ሰው መግቢያ አሳጣች" ይላሉ። ሰምቻለሁ። ምናልባት ባለ ሱቁ ሰፊ ቦታ ሰጥቷቸው ይመቻቸው ነበር፤ ይህን ማወቅ አልችልም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ቢመቻቸውም ቢከፋቸውም የሚወስነው የነሱ እጅ ነው እንጂ የኔ ቆንጆ ጽሕፈት አይደለም። ያ ቀን ቢመለስ ዛሬም እምቢ እላለሁ፤ ግን በግቢው በር ሳይሆን ገና ጠዋት፣ "ርእሱን ተዪው" ስባል።

እናንተም ብትሆኑ የአንድ ነገር ባለቤት ናችሁ። የሸማቾች ሱቅ፣ የቁጠባ ማኅበር፣ የቤት ማኅበር። ደብተሩ መሳቢያችሁ ውስጥ ይኖራል። ስብሰባ ሲጠራ "እነሱ ምን ወሰኑ?" ብላችሁ ከሆነ የምትጠይቁት፣ እባካችሁ እነሱ ማን እንደሆኑ አስቡ። ወረቀት ሲዞርም ያመጣውን ሰው ፊት ሳይሆን ወረቀቱን እዩ። ያመጣው ሰው ጨዋ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ እዩት። ይህን የምላችሁ ያመጣው ሰው እኔ ስለነበርኩ ነው።

በቀደም አንድ የድሮ ጎረቤታችን በአዲሱ ክፍል በር ሲያልፉ ቆም ብለው ውስጡን ቃኙ። እኔ ለእናቴ ክር እያጠነጠንኩላት ነበር።

"እታፈራሁ፣ ማኅበራችሁ እዚህች ገባች?" አሉ እየሳቁ። "ለመሆኑ የዚህ ሁሉ ሀብት ባለቤቱ አሁን ማነው?"

እናቴ ጥልፏን አላቆመችም። "ሃያ ሰባት ነን" አለች። "ስማችንን ከፈለጉ እነግርዎታለሁ።" ከዚያም ከአባባ ልሳኑ ጀምራ አንድ በአንድ መጥራት ጀመረች።

ሰውየው መጀመሪያ የምትቀልድ መስሏቸው ቆመው ሰሙ። ዘጠነኛው ስም ላይ "በሉ ደህና ዋሉ" ብለው ሄዱ። እናቴ ግን አላቆመችም። ዓይኗን ከካባው ሳትነቅል እስከ ሃያ ሰባተኛው ጠራች፤ ጥግ ላይ ጨርቅ የሚቀዱትን የጋሽ ተካልኝንም ስም አልዘለለችም።